የዶርም ዝርዝር ሲወጣ

ፍሬሽ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በር ላይ የመከባበር ባነር ይሰቀላል፣ አዳራሽ ውስጥም ንግግር ይደረጋል። ተማሪው ግን ሻንጣውን እንደያዘ የሚሮጠው የዶርም ዝርዝር ወደተለጠፈበት ሰሌዳ ነው። ከማን ጋር እንደሚያድርና ካፌ እንደሚወርድ የሚነግረው እሱ ነው። የግቢን ሰላም የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ይህ ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ጊዜ ምደባው በስም ፊደል ተራ ይሠራል። አድልዎ የሌለበት ይመስላል። በአገራችን ግን ስም ሃይማኖትንም አካባቢንም ይናገራል፤ ሙሐመዶች አንድ ላይ፣ በ«ገብረ» የሚጀምሩት አንድ ላይ፣ ቶላና ቶሎሳ ጎን ለጎን ይወድቃሉ። ዝርዝሩ ስድስት ስድስት እየተቆረጠ ለየክፍሉ ሲታደል ማንም ሳያስበው ተመሳሳይ ከተመሳሳይ ጋር ይገባል። መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወንድና ሴት ከተለዩ በኋላ ኤክሴል ላይ ከስሙ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሮ በ«ራንድ» (RAND) ቀመር የዕጣ ቁጥር መሙላት፣ ቁጥሮቹን ኮፒ አድርጎ እንደ ቫልዩ (ያለ ቀመሩ፣ ቁጥሩን ብቻ) መልሶ መለጠፍ (ካልሆነ በነካነው ቁጥር ይቀያየራሉ)፣ ከዚያ በዚያ ዓምድ መደርደር። የተማሪ ተወካዮች ባሉበት ቢሠራ ሐሜቱም ይቀንሳል።

ከዕጣው በፊት አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ይመደቡ፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸውም ራሳቸው ይጠየቁ። ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ መጸዳጃ ቤትና ውኃ አጠገብ ያለ የምድር ክፍል ያስፈልገዋል። በር ላይ 15 ሳ.ሜ. ደረጃ ካለ፣ በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሳ.ሜ. ከፍታ 12 ሳ.ሜ. ርዝመት) 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይሠራለታል። ከዚያ ካጠረ ያለ ደጋፊ መውጣት ይከብዳል፣ ወደ ኋላም ሊገለብጥ ይችላል። ዓይነ ስውራንን ሁሉ አንድ ክፍል መሰብሰብ ለአስተዳደሩ ይቀላል፤ ተማሪውን ግን ከሌላው ይነጥለዋል።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ «ከአገሬ ልጅ ጋር ቀይሩኝ» የሚል ጥያቄ ይጎርፋል። ፕሮክተሩ (የዶርም ተቆጣጣሪው) ለአንዱ ከፈቀደ ለሁሉም ይፈቅዳል፣ ብሎኮቹም ሳይታወቅ በብሔር ይከፈላሉ። ለጤናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር የመጀመሪያው ሴሚስተር እስኪያልቅ መቀያየር ባይኖር ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ክፍል ተቀምጦ በአንድ ገጽ ይስማማ፦ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ሙዚቃ ያለ ኢርፎን ይከፈታል ወይ፣ ጽዳቱ በማን ተራ ነው፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል። የሱብሒ (የንጋት ሶላት) አላርም ወይም ለኪዳን (ለቤተ ክርስቲያን የማለዳ ጸሎት) የሚነሣ ሰው እንዳለ ቀድሞ ከታወቀ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጠብ አይነሣም። ቋንቋም ይነሣ። ከእናቱ ጋር በስልክ በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማልኛም የሚያወራን ሰው ማንም ሊቆጣው አይገባም። ስለ ጋራ ጉዳይ ሲወራ ግን ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን።

ካፌ ውስጥ ዋናው ነገር ጭልፋው ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ሽሮ ቀርቦ በሥጋ ወጥ ጭልፋ ከተጨለፈ፣ ጾመኛው ሳይበላ ይወጣል። በረመዳን ደግሞ የኢፍጣርና የሱሑር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ሰዓት ከምግብ ካርዱ (ሚል ካርድ) ሰዓት ጋር ካልተስተካከለ፣ ጾመኛው ለራት ሲደርስ መስኮቱ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ጠብ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የጠፋ ቻርጀር ወይም የተሰደበ ሰው ነው። የብሔር ጠብ የሚሆነው አንዱ ቴሌግራም ላይ «የእኛን ልጅ መቱት» ብሎ ሲጽፍ ነው። ስለዚህ ፕሮክተሩ በዚያው ምሽት ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግር፤ ማን፣ ምን፣ መቼ ብሎ ይጻፍ። የሁለቱን ብሔር መዝገቡ ላይ አያስገባ፤ ብሔርን ጠቅሶ የተሰነዘረ ስድብ ካለ ግን ቃል በቃል ይመዝገብ። ውሳኔውም በማግስቱ ለክፍሉ ልጆች ይነገር። ዝም ከተባለ ቦታውን ወሬ ይይዘዋል።

የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚጻፈው የብሔር ስድብም አይናቅ። ለማስረጃ ፎቶ ይነሣ፣ በዚያው ቀን ቀለም ይቀባ። ለዚህ ፕሮክተሩ ቢሮ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰል አንድ ጣሳ ቀለምና ብሩሽ ይቀመጥ፤ ግዢ እስኪጸድቅ ከተጠበቀ ከሥሩ መልስ ይጻፍበታል።