አሥሩን ሃያ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ክብ የብረት ቁራጭ አለ። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር ነው። መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ደግሞ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ የወረቀት መጫኛ ነው ብሎ ያልፈዋል። መጫኛም ነው። ግን የወንጀል ማስረጃም ነው፤ ወንጀለኛዋ እኔ ነኝ።

የማዘጋጀው መጽሔት በትርፍ ጊዜያቸው ቶርኖ ላይ (ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ማሽን ላይ) ቆመው ትናንሽ ነገር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የእንፋሎት ሞተር፣ ሰው ጎትቶ የሚሄድ ትንሽ ባቡር፣ ከናስ የተሠራ ሰዓት። ማንም አላዘዛቸውም። ማንም አይከፍላቸውም። ከአንባቢዎቼ መካከል ጡረታ የወጡ መካኒኮች አሉ፣ የጥርስ ሐኪም አለ፣ ቀን ቀን ሒሳብ የሚሠራ ማታ ማታ ብረት የሚሞርድ ሰው አለ።

እኔ ግን ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከቋንቋ አርትዖት ነው። እንጀራዬ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ነበር። ደብዳቤዎቹ እስካሁን «ይድረስ ለአቶ አዘጋጅ» ብለው ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አንጋፋ ጸሐፊያችን፣ ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር እንዴት እንደሚሠራ በአምስት ክፍል ጻፈልን። ጽሑፉ «የፒስቶኑ ጉዞ 20 ሚሊሜትር ነው» ይላል። ሥዕሉን ሳይ፣ ቢዬላው (ፒስቶኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከሚዞረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) የሚታሰርበት ፒን፣ ከዲስኩ መሀል 10 ሚሊሜትር ርቆ ተሥሏል። ጽሑፉ 20፣ ሥዕሉ 10። ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ሌሊት ቀርቶታል። ሰውየውን ለመደወል መሽቷል፣ ሽማግሌ መቀስቀስ ነውር ነው ብዬ አሰብኩ። አሥሩን ሃያ አደረግኩት። ይህን የመሰለ ስህተት በመጨረሻ ሰዓት በመያዜ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቶርኖ ነክቶ የሚያውቅ ሰው አሁን ጭንቅላቱን እየያዘ ነው። ላልነካ ላስረዳ። ፒኑ ከዲስኩ ጋር ክብ ይዞራል። ዲስኩ ግማሽ ዙር ሲሄድ ፒኑ ከመሀሉ በላይ 10 የነበረው ከመሀሉ በታች 10 ይሆናል። ፒስቶኑም አብሮት ይሄዳል፤ በጠቅላላው 20። የፒስቶኑ ጉዞ ሁልጊዜ የፒኑ ርቀት እጥፍ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ነበሩ። ያልተስማሙ የመሰሉት ለእኔ ብቻ ነው። እኔ «ካስማማኋቸው» በኋላ ግን ሞተሩ 20 ሚሊሜትር በተሰጠው ሲሊንደር ውስጥ 40 ሊጓዝ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ትንሽ ካርቶን በፖስታ መጣልኝ። ውስጡ ይኼ ዲስክና አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ስድብ የለበትም፤ ስድብ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ሞተሩን ገጣጥሞ ቮላኖውን፣ ከባዱን መንኮራኩር፣ በእጁ ሲያዞረው ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። ጠብቆ ነው ብሎ አሰበ። ፈታው። ፒስቶኑን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው። ገጠመው፤ ቆመ። ደግሞ ፈታው፣ ደግሞ አሻሸው። ሦስት ቅዳሜና እሁድ። በመጨረሻ ካሊብሮ አንስቶ ሁሉንም ሲለካ ችግሩ የት እንዳለ አገኘው። በዚያን ጊዜ ግን ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ እስኪወዛወዝ ድረስ አልቆ ነበር። ጥሩ አድርጎ የሠራውን ዕቃ በገዛ እጁ አበላሸው፤ እኔን ስላመነ።

ደብዳቤው ላይ ያለችው አንዲት ዐረፍተ ነገር እስካሁን አትለቀኝም። «ቀዳዳው ጠርዙ ጋ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ሲቀረው ገርሞኝ ነበር፤ ግን ታትሞ አየሁት።»

ጸሐፊውን ደወልኩለት። ተናዘዝኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና «ልጄ፣ ነጠላ ሰረዜን እንደፈለግሽ አድርጊው» አለኝ። «ቁጥሬን ግን አትንኪብኝ። ካልገባሽ ደውይልኝ። ሌሊትም ቢሆን።»

«ጋሼ፣ ሽማግሌ መቀስቀስ ፈርቼ ነው።»

«እኔ ድሮስ መቼ እተኛለሁ?»

ማረሚያ ማውጣት ነበረብኝ። ማረሚያን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከማስታወቂያ ሥር ይወሸቃል። እንደዚያ ላደርገው ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ግን ሙሉ ሥዕሉን በትክክለኛው መጠን እንደገና አሳተምኩት፤ ሰው ቆርጦ በአሮጌው ላይ እንዲለጥፈው። ከሥሩም አሥሩን ሃያ ያደረግኩት እኔ አዘጋጇ እንጂ ጸሐፊው አይደለም ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጠበቅኩም። ደብዳቤ ጎረፈ። ስለዚያ ሞተር ብቻ መስሏችሁ! ስለ ድሮ ስህተቶች ሁሉ፣ እኔ ሳልመጣ ጀምሮ የታተሙ። አንዱ ሁለት ገጽ ሙሉ ዝርዝር ላከ፤ ቅጽ፣ ገጽ፣ የሥዕል ቁጥር፣ የታተመው፣ መሆን የነበረበት። አንድ ቦታ ለኤም 5 ቡሎን ጥርስ ለማውጣት በ4.5 ፑንታ ብሱ ብለናል። ኤም 5 ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነው፣ በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል 0.8 ሚሊሜትር አለው፤ 5 ሲቀነስ 0.8፣ 4.2 ነው። በ4.5 የተበሳ ቀዳዳ ጥርሱ ስስ ይሆናል፣ ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት ይላጣል። ሌላው ደግሞ የድሮው የእንግሊዝ ዜሮ ቢ.ኤ. ቡሎን ከኤም 6 ጋር «አንድ ነው» ማለታችንን ይዞብናል። ውፍረቱ አንድ ነው፣ 6 ሚሊሜትር። የጥርሶቹ ርቀትም አንድ ነው፣ 1 ሚሊሜትር። የጥርሱ አንግል ግን የአንዱ 47.5፣ የሌላው 60 ዲግሪ ነው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ያወቁት ያን ሳምንት አይደለም። ለዓመታት በየራሳቸው ቅጂ ላይ በእርሳስ አርመው ዝም ብለው ነበር። ለምን አልነገራችሁንም ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። «ትፈልጋላችሁ ብዬ አላሰብኩም» አለኝ። ደብዳቤ ሲጠፋ አንባቢው ረክቷል ብለን ነበር የምናስበው። ለካ እኛ ሳናውቅ ሌላ አርታኢ ቡድን ነበረን፤ ደመወዝ የሌለው፣ ከእኛ የተሻለ።

አሁን የእርሳሱን ማስታወሻ በይፋ እጠይቃለሁ። ተከታታይ ሥራ ሲሆን ደግሞ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ለአንድ አንባቢ እልካለሁ፤ ጸሐፊውን ለማያውቅና ከገጹ ውጪ ምንም ላልተነገረው ሰው። እሱ ገጹን ብቻ ይዞ ቢያንስ አስቸጋሪውን ክፍል ይሠራል። ቀን ይፈጃል፣ ጸሐፊዎችም ይነጫነጫሉ። ይነጫነጩ።

እኔም ትንሽ ቶርኖ ገዛሁ። ጎበዝ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ዐረፍተ ነገር ሌላ ነገር ሆነብኝ። ለምሳሌ «ዕቃውን ከዘንጉ ቆርጠህ አውጣ፣ ከዚያ መሀሉን ብሳ» የሚል ጽሑፍ ድሮ ቢመጣልኝ ሰዋስዉ ደህና ነው ብዬ አሳልፈው ነበር። አሁን ያመኛል። ቶርኖው እንደያዘው ካልበሱት ተመልሶ ትክክለኛው መሀል ላይ ማሰር ፈተና ነው፤ ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ቅደም ተከተል ነው የእነዚህ ሰዎች ሰዋስው። አንዳንዱ ጸሐፊ ያውቀዋል፣ እጁ ስለሚያውቀው ግን መጻፉን ይረሳል። የእኔ ሥራ አሁን በአብዛኛው «ከዚህ በፊት ምን አደረግክ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ፎቶግራፍን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ እባካችሁ አውራ ጣታችሁን አውጡልኝ። መጠኑን ለማሳየት ከሆነ የብረት ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጡ።

ከአንባቢ ጋር መስማማት ሁልጊዜ አይቻልም። ትልቁ ጠቤ በቦይለር፣ ውኃ አፍልቶ ለሞተሩ እንፋሎት በሚሰጠው ዕቃ፣ ነው። አንድ ጎበዝ ሰው የመዳብ ቦይለር አሠራር ላከልኝ። ሥዕሉ ውብ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ። መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ የያዘው ግን ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች በሚጠቀሙበት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። በ5 ባር ግፊት የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው እንፋሎት ራሱ ወደ 159 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ሃያ አራት ዲግሪ! ውኃው ትንሽ ጎድሎ እሳቱ ውኃ የሌለበትን መዳብ ካገኘ ያ ልዩነት ወዲያው ያልቃል። ለዚህ ነው ሰው በብር ቅይጥ የሚበይደው፤ ከ600 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም።

አላወጣውም አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አንድም ቀን አልፈነዳብኝም» አለ። አምነዋለሁ። እሱ ውኃውን ያያል፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይዟል፣ ቦይለሩን እንደ ልጁ ያውቀዋል። ገጹን የሚያነበው ጀማሪ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የታተመ ነገር ያምናል፤ ይህን ዲስኩ አስተምሮኛል። በእሱ ፋንታ አዲስ ቦይለር እሳት ከማየቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከሚሠራበት ግፊት እጥፍ ድረስ እንዴት እንደሚፈተን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣሁ። በውኃ የሚደረገው ውኃ ብዙም ስለማይታመቅ ነው፤ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ ያንጠባጥባል እንጂ ሰው ፊት ላይ አይፈነዳም። ሰውየው ተቀይሞ ደንበኝነቱን አቋረጠ። የስህተት ዝርዝር ግን በየወሩ ይልክልኛል። መጽሔቱን ከየት እንደሚያገኘው አልጠየቅኩም።

የቦይለር ጠብ ደግሞ ለዚህ ዓይነት መጽሔት አዲስ አይደለም። ፐርሲቫል ማርሻል ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1898 የጀመረው «ሞዴል ኢንጂነር» በ1920ዎቹ ውስጥ ገጾቹ ላይ እንዲህ ዓይነት ጦርነት ተካሂዶበታል። አንዱ ወገን ለትናንሽ ባቡሮች የስፒሪት (የአልኮል) እሳት ይበቃል ይላል። ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ. በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ሰው ደግሞ አይደለም፣ እንደ እውነተኛው ባቡር ከሰል አንድደው፣ ቦይለሩንም እንደ እውነተኛው ሥራው፣ ሰው ይጎትትልሃል ባይ ነው። የሐዲዷ ስፋት ሁለት ተኩል ኢንች ብቻ በሆነች ባቡሩ አሳያቸው። እኔ ክርክሩን ሳነብ የሚያስቀናኝ ማን አሸነፈ የሚለው አይደለም። አዘጋጁ ሁለቱንም ወገን ማሳተሙ ነው። ሞቅ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ለማለስለስ እጄ ሲሄድ እሱን አስባለሁ።

ዛሬ ያ ጠብ በኮምፒውተር ስለሚሠራ ቶርኖና ስለ ስሪዲ ፕሪንተር ሆኗል። «ይኼ የእጅ ሥራ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ሳይመጣ ወር አያልፍም። አወጣዋለሁ፣ መልሱንም አወጣለሁ፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ጀማሪዎች «ከብዶናል» ሲሉ፣ አንጋፋዎቹ «ስለ ሞረድ አያያዝ ስንት ጊዜ እናንብብ» ሲሉም እንዲሁ። ሁለቱም በአንድ ወር እኩል ካጉረመረሙ መጽሔቱ ደህና ነው ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ዲስኩን ከላከልኝ ሰውዬ አጭር ቪዲዮ ደረሰኝ። አዲስ ፒስቶን ሠርቷል። ፒኑ 10 ላይ ነው። ሞተሩን በታመቀ አየር አስነስቶ ቀስ አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ ቮላኖው ሊቆም ይመስላል፣ ግን አይቆምም። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። አራት ጊዜ አየሁት። አምስተኛ ልከፍተው ስል ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አየሁ፦ «አዘጋጅ ሆይ፣ ክፍል አራት ላይ የኮሎው መያዣ የዘይት ቀዳዳ በጽሑፉ አለ፣ በሥዕሉ የለም።»

ቅጂዬን አውጥቼ አየሁ። የለም። ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሆኗል። ስልኩን አነሳሁና ሽማግሌው ጋ ደወልኩ።