ከሮም እስከ ፍሎረንስ በኪራይ መኪና

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከባለቤቴ ጋር ከሜሪላንድ ተነስተን ጣሊያንን ለዘጠኝ ቀናት ስንጎበኝ፣ ከሮም አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራይተን እስከ ፍሎረንስና ሲዬና የነዳሁት እኔ ነበርኩ። መንዳት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በማኑዋል መኪና ስለሆነ ፍሪሲዮንና ማርሽ አያስቸግሩኝም ብዬ በዋጋ ርካሽ የሆነውን ማኑዋል መረጥኩ። በዚህ አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት በሌላ ነው።

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ጣሊያን ውስጥ ብቻውን አይበቃም፤ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ አብሮት መያዝ አለበት። እኔ ከጉዞው በፊት በ20 ዶላርና በሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አወጣሁ። አከራዩ ባይጠይቅ እንኳ መንገድ ላይ የሚያስቆም ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል።

መኪናውን ስረከብ ሠራተኛው አንድ ጭረት ብቻ የተመዘገበበትን ወረቀት እንድፈርም ዘረጋልኝ። ከመፈረሜ በፊት ዙሪያውን በስልኬ ስቀርጽ የኋላው ፓራውልት ከታች ተልጦ፣ አንዱ ቸርኬም ተፋፍቆ አገኘሁ። ጣሊያንኛ አልችልም፤ ሆኖም «ፓራውልት» ብዬ ስጠቁመው «ፓራኡርቲ!» ብሎ ሳቀና ሁለቱንም ጻፈልኝ። የጋራዥ አማርኛችን ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። ይኸው አማርኛ ማደያ ላይም ጠቅሞኛል፤ «ጋዞሊዮ» የሚለው ጽሑፍ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤንዚን ይመስላል፣ ነገር ግን ናፍጣ ነው፤ ቤንዚኑ «ቤንዚና» ተብሎ ተጽፏል።

አውራ ጎዳናው ቀላል ነው። ሲገቡ ትኬት ይወሰዳል፣ ሲወጡ ይከፈላል፤ መክፈያው ላይ በቢጫ «ቴሌፓስ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት መስመር በራሱ የሚከፍል መሣሪያ ለተገጠመላቸው መኪኖች ስለሆነ እሱን መሸሽ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 130፣ በዝናብ 110 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለት ነጥቦች መካከል አማካይ ፍጥነትን የሚለኩ ካሜራዎች ስላሉ ካሜራው አጠገብ ብቻ ፍሬን መያዝ አያድንም።

ጥፋቴ የተፈጸመው ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ነው። የአብዛኞቹ የጣሊያን ታሪካዊ ከተሞች መሀል፣ ከነዋሪዎችና ፈቃድ ካላቸው በቀር፣ በተወሰነ ሰዓት ለመኪና ዝግ ነው። ምልክቱ በቀይ ቀለበት የተከበበ ነጭ ክብ ሲሆን፣ ከበላዩ ብዙ ጊዜ የሚበራ ሰሌዳ አለ። እኔ «ቫርኮ አቲቮ» የሚለውን አይቼ («ቫርኮ» መግቢያ በር ነው)፣ «አቲቮ» ማለት ክፍት ነው ብዬ ገባሁ። ለካ ሥራ ላይ ያለው ክልከላው ኖሯል! ፊት ለፊቴ የነበረች ታክሲም አሳስታኛለች፤ ታክሲዋ ፈቃድ አላት፣ እኔ የለኝም። የስልኬ ካርታም አንድ ቃል ሳይተነፍስ በዚያ በኩል ነበር የመራኝ። ጠባብ መንገድ ውስጥ ቱሪስት ሲከበኝ ደንግጬ ወጣሁና፣ ዞሬ በሌላ በር ገብቼ ሆቴሉ ደጃፍ ደረስኩ። እዚያ እንኳ የሰሌዳ ቁጥሬን እንግዳ ተቀባዩ እንዲያስመዘግብልኝ መጠየቅ አልመጣልኝም፤ ለመኪና በተከለከለው ቦታ ውስጥ ያለ ሆቴል የእንግዳውን ሰሌዳ ማሳወቅ እንደሚችል ያወቅሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። አሁን ቢሆን ከከተማው ዳር መኪናውን አቁሜ በትራም እገባ ነበር።

ኅዳር ላይ አከራዩ ስሜንና አድራሻዬን ለባለሥልጣኑ በመስጠቱ ብቻ 45 ዩሮ ከክሬዲት ካርዴ ቆረጠ። ቅጣቱ መስሎኝ ነገሩ አለቀ አልኩ። ቅጣቱ ራሱ የካቲት ላይ በፖስታ መጣ፤ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ለሚከፍል 30 በመቶ ስለሚቀነስ፣ ፖስታውን በከፈትኩበት ምሽት ከፈልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ፖስታ መጣ፤ ቀኑ ያው፣ ሰዓቱ ከፊተኛው በ20 ደቂቃ የዘገየ፣ ዞሬ የገባሁበት በር ስም የተጻፈበት።