የኬሚካል መጋዘን ሥጋት ስገመግም ከአጥሩ የማልጀምረው ለምንድን ነው?

ጅማ ያለ አንድ የኬሚካል መጋዘን የጥበቃውን ክፍተት እንድፈትሽ ሲጠራኝ፣ ባለቤቱ ቀድመው ያሳዩኝ አጥሩንና ካሜራውን ነበር። እኔ ግን አጥር የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቢን ካርዱን፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አስወጣሁ፦ ምን አለ? ስንት አለ? ከእጅ ቢወጣ ማንን ይጎዳል?

ሠራተኛው ሁሉ የሚፈራው የክሎሪኑን ሲሊንደር ነው፤ እውነት አላቸው። ክሎሪን ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ቁልቁል ወደ አዌቱ ወንዝ፣ ሰው ወደሚኖርበት ይወርዳል። በጉዳት አንደኛ አደረግኩት። ለስርቆት ግን አይመችም፤ ያለ መኪናና ያለ ጫኚ ማን ያነሣዋል?

ባለቤቱ የቤይሩትን ወሬ ሰምተው ስለ ማዳበሪያውም ጠየቁኝ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. እዚያ ወደብ ላይ የፈነዳው 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ እሳቸው ጋ ያለው ግን ዩሪያ ነው፤ እንደዚያ አይፈነዳም። ይህን አልፈን ሄድን።

እኔን ያሳሰበኝ የነቀዝ መድኃኒቱ፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ኪኒኑ የታሸገበት ቱቦ ኪስ ይገባል፣ ፈላጊውም ብዙ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ግን በካርቶን ነው፤ ከተከፈተው ካርቶን ስንት ቱቦ እንደቀረ በወረቀት ሊያሳየኝ የቻለ የለም። ይባስ ብሎ የተደረደረው ጣሪያው በሚያፈስበት ጥግ ነው፤ ያውም በጅማ ዝናብ!

ማታ የሌሊት ዘበኛውን፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሌባ ቢሆኑ በየት ይገባሉ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «በበሩ ነዋ! ባዶ ጀሪካን ገዝቶ የሚወጣውን ማን ይፈትሸዋል?»

ከካሜራው ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ መልስ ነው። ጀሪካኑም ራሱ ጉድ ነው፤ የፀረ ተባይ መርዝ የነበረበት ዕቃ ገበያ ወጥቶ የውኃ መቅጃ ይሆናል።

ምክሬ አጭር ነበር፦ ኪኒኑ በቱቦ ይቆጠር፣ ደረቅ ክፍል ገብቶ በሁለት ሰው ቁልፍ ይዘጋ፤ ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ፣ አይሸጥ። ለተጨማሪ ካሜራ የተያዘው ገንዘብ ለቆርቆሮ ዋለ። የጀሪካኑ ገቢ መቅረቱ ግን ባለቤቱን አሁንም እንደከነከናቸው ነው።