መኪናዬን ከዱባይ ባሕር ዳር እንዴት እንዳመጣሁት፣ ዛሬ ቢሆን ምን እንደምቀይር

ከዱባዩ ወደብ ከጀበል አሊ እስከ ጅቡቲ ያለው ባሕር የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ገንዘብ የሚበላውና የሚያስመርረው ኮንቴይነሩ የሚታሸግበትና የሚከፈትበት ሰዓት ነው፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ወረቀቱ። ያመጣሁት ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ባትሪው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት፣ መሪው በግራ።

ኤሌክትሪክ መሆኑ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። «ዱባይ ያለችኝን ኮሮላ ይዤ ልግባ» የሚል ሰው እዚያው ቢሸጣት ይሻለዋል። ከክልከላው በፊትም ቢሆን አሮጌ መኪና አያዋጣም ነበር፤ በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ 1300 ሲሲ የማትበልጥ ትንሽ መኪና እንኳ ከባድ ኤክሳይዝ ይጫንባት ነበር።

ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 15 በመቶውን በመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ ሲያሰላ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከሲአይኤፍ ነው፦ የመኪናው ዋጋ፣ ኢንሹራንሱና የመርከብ ጭነቱ ተደምረው። ሦስቱ አንድ ላይ 2,000,000 ብር ከሆኑ ቀረጡ 300,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጠየቅበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ 15 በመቶው የሚሰላው በ2,300,000 ላይ ነው፤ ሌላ 345,000 ብር ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ያለው የታክስ ማበረታቻ በመመሪያ የሚሰጥ ስለሆነ በመመሪያ ይቀየራል። መኪናው ከመጫኑ በፊት በዚያው ሳምንት የሚሠራበትን ሒሳብ ከጉምሩክ ጠይቁ እንጂ አምና ያስገባ ሰው የነገራችሁን አትያዙ። ያገለገለ መኪና ከሆነ ጉምሩክ ደረሰኛችሁን ብቻ አይቶ አያምንም፣ እሱ ጋ ካለው የዋጋ መረጃ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ ሻጩ የሰጣችሁን ደረሰኝና በባንክ የከፈላችሁበትን ማስረጃ አብራችሁ ያዙ። በእጅ የተከፈለ ጥሬ ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

መኪናው ከኢትዮጵያ ባንክ ዶላር ሳይጠየቅ፣ ውጭ በተገኘ ገንዘብ የተገዛ ከሆነ ፍራንኮ ቫሉታ ይባላል። ይህ የሚፈቀድላችሁ መሆኑን መርከቡ ሳይነሳ አረጋግጡ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ፈቃድ ማፈላለግ በየቀኑ የማከማቻ ኪራይ እየከፈሉ መለመን ነው።

ዱባይ ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው። የትራፊክ ቅጣት ካለ ይከፈላል፤ መኪናው የባንክ ዕዳ ካለበት የባንኩ የነፃነት ደብዳቤ ይወጣል፤ ሰሌዳው ለትራፊክ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ የኤክስፖርት ሰርተፍኬት ይሰጣል። ያለዚህ ሰርተፍኬት ወደቡ አይቀበልም። ሰሌዳውን የምትመልሱት ኮንቴይነሩ የሚጫንበት ቀን ከተቆረጠ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ መኪናው ሰሌዳ አልባ ሆኖ ፓርኪንግ ይከፍላል።

አሁን ስለ ስም። መልኪያው፣ ማለትም የዱባዩ የመኪና መመዝገቢያ ካርድ፣ ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ስም፣ የግብር ከፋይ መለያው ላይ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ሊኖር ይችላል። «ታደሰ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጋ አንድ «ዲ»፣ ሌላው ጋ ሁለት «ዲ» አለው። ለእኛ ያው ታደሰ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። የመርከቡ ጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ይላክላችኋል። በዚህ ሥራ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቆዩበት የሚገባው ወረቀት ይህ ነው። የተቀባዩ ስም ጉምሩክ ላይ ከምታቀርቡት ፓስፖርት ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። በረቂቅነቱ ማረም ቀላል ነው፤ መርከቡ ተነሥቶ የጭነት ዝርዝሩ፣ ማኒፌስቱ፣ ጅቡቲ ከገባ በኋላ ግን የማረሚያ ክፍያም ጥበቃም አለው።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ውስጡ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት የሉም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። የእኔ ረቂቅ ላይ የጭነት ወኪሉ ዜሮውን «ኦ» አድርጎ ጽፎት ነበር። ቁጥሩን ከመልኪያው ላይ አትገልብጡ፤ ከመስታወቱ ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ በስልክ አንሱና ከዚያ አንብቡ። እግረ መንገዳችሁን የሞተሩን ቁጥርና የሞተሩን ኪሎዋት ፎቶ ያዙ። ሊብሬ ሲወጣ ቅጹ የሞተር ቁጥር ይጠይቃል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ኮፈን ከፍቶ እንደ ቤንዚኑ ወዲያው የሚነበብ ቦታ ላይ አይደለም።

በሮሮ፣ ማለትም መኪናው በራሱ ጎማ እየተነዳ በሚገባበት መርከብ፣ ወይም በኮንቴይነር መምጣት ይቻላል። ሮሮ ለመጫንና ለማውረድ ይቀላል። ነገር ግን ውስጡ የቤት ዕቃ አይቀበሉም፣ ቁልፉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ የመርከብ ድርጅቶች ይፈራሉ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. 4,000 ገደማ መኪና የጫነችው ፌሊሲቲ ኤስ አዞረስ ደሴቶች አቅራቢያ ተቃጥላ ከሰጠመች ወዲህ ጥያቄያቸው በዝቷል። እኔ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር መረጥሁ። ከአውሮፓ የሚያመጣ ሰው ሌላም ሐሳብ አለበት፤ በስዊዝ በኩል የሚመጣ መርከብ የመርከብ ጥቃት ሲያሰጋው የቆየውን የቀይ ባሕር ወሽመጥ፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ማለፍ ግድ ነው። ከዱባይ የሚነሣው ግን ያንን ወሽመጥ ሳያልፍ ከበታቹ ጅቡቲ ይገባል።

የአሽከርካሪ ችሎታ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የኮንቴይነሩ ውስጥ ርዝመት 5.90 ሜትር፣ የበሩ ስፋት 2.34 ሜትር ነው። መኪናው 4.455 ሜትር ይረዝማል፣ 1.875 ሜትር ይሰፋል። መሐል ላይ ቢቆም በየጎኑ 23 ሳንቲሜትር ብቻ ይቀራል፣ ሾፌሩ መውጫ የለውም። ስለዚህ ስፖኪዮው ታጥፎ፣ መኪናው ወደ ተሳፋሪው በኩል ተጠግቶ ይገባል፤ በሾፌሩ በኩል 40 ሳንቲሜትር ያህል ይገኛል። ቀጭን ሰው ይንዳው። ያ ካልሆነ መስኮት ዝቅ ተደርጎ በመስኮት ይወጣል፤ የ12 ቮልቱ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ግን ያ መስኮት ተመልሶ አይዘጋም።

ወሳኙ ነገር መኪናው በኋላ ማርሽ መግባቱ ነው። ፊቱ ወደ ኮንቴይነሩ በር ይሁን። ምክንያቱ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኮፈን ሥር ነው፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጎ የገባ መኪና ሞጆ ላይ ባትሪው ሞቶ ቢገኝ ኮፈኑ ጋ የሚደርስ ሰው የለም። ያለ 12 ቮልት ደግሞ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሣም፣ ፎሌ አይገባም፣ የእጅ ፍሬኑም አይለቅም። አራት ጎማው የታሰረ ሁለት ቶን ብረት ነው። ከኋላ 30 ሳንቲሜትር፣ ከፊት አንድ ሜትር ከትንሽ ተዉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የኮፈን መክፈቻውን ሳቡ፣ ከዚያ በ10 ቁልፍ የኔጌቲቩን ገመድ ፍቱና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉ። ዋናውን ባትሪ 40 በመቶ ላይ አቆምሁት፤ ሞልቶ መጓዝ ለእሳት አደጋም ለባትሪውም ጥሩ አይደለም፤ ባዶ ሆኖ መጓዝ ደግሞ ደርሶ መንቀሳቀሻ ማጣት ነው። ከፍተኛውን ልክ የመርከብ ድርጅቱ ይነግራችኋል፣ በጽሑፍ ተቀበሉ። ሰነዱ ላይ የሊቲየም ባትሪ መኪና መሆኑ፣ የአደገኛ ዕቃ ምድብ 9፣ ይገለጻል። «ተራ መኪና ብለን እንጻፈው፣ ይረክሳል» የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ኢንሹራንሱ አይከፍልም።

ማሰሪያው በጎማው ላይ ይለፍ። አራት የጎማ ቀበቶ፣ ከየጎማው ፊትና ኋላ ታኮ፣ ታኮው ከወለሉ እንጨት ጋር በሚስማር ይመታ። ሰንሰለትን ከሥር በኩል ከባትሪው መያዣ ወይም ከመሪ ዘንግ ጋር ማሰር ፈጽሞ አይሆንም። መኪናው ታጥቦ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፤ ከባሕረ ሰላጤው እርጥበት ወደ ደጋ የሚወጣ ኮንቴይነር ጣራው ያንጠባጥባል። አራት ከረጢት እርጥበት መጣጭ ውስጥ አስቀመጥሁ፣ ይበቃል።

ኢንሹራንሱ «ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ» የሚለው ርካሹ ዓይነት አይሁን፤ ሽፋኑም ጅቡቲ ላይ ሳይሆን ባሕር ዳር ደጃፍ ላይ ይለቅ። ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው በየብስ ነውና።

ጅቡቲ ላይ መልቲሞዳልና ዩኒሞዳል የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉ። በመልቲሞዳል የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጅስቲክስ ከመነሻ ወደቡ እስከ ደረቅ ወደብ፣ ለምሳሌ ሞጆ፣ ራሱ ያደርሳል፤ ጉምሩኩም ሞጆ ላይ ያልቃል። በዩኒሞዳል ጅቡቲ ላይ ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ እና የጭነት መኪና ራሳችሁ ትይዛላችሁ። ለአንድ መኪና መልቲሞዳሉ ይሻላል። በሁለቱም ግን ኮንቴይነሩ የሰው ንብረት ነው፤ ባዶውን የመመለሻ ቀን አለው፤ ያ ቀን ካለፈ ዲመሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል። ዋጋ ስትጠይቁ «ባዶውን ጅቡቲ የሚመልሰው ማን ነው? ስንት ቀን ነፃ ነው?» በሉ። መልሱ በጽሑፍ ከሌለ ወጪው የእናንተ ነው።

ሞጆ ላይ የምጠነቀቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ፎርክሊፍት። ቤንዚን መኪናን በፎርክሊፍት ጥርስ ከሥር አንሥቶ ማውረድ የለመደ ሠራተኛ ኤሌክትሪኩንም እንደዚያው ሊያነሣው ይመጣል። የዚህ መኪና ሆድ ሙሉ በሙሉ ባትሪ ነው፤ ጥርሱ ያጎደጎደው ባትሪ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ይዞ ይሄዳል፣ ሊነድም ይችላል። ኮንቴይነሩ ከተሳቢው ላይ በማሽን ይነሣና መሬት ላይ ይቀመጥ። መሬት ላይ ሲሆን ወለሉ ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ወፍራም ጣውላ ይበቃል። የ12 ቮልቱን ገመድ መልሶ ማሰር፣ ፊት ለፊት ነድቶ መውጣት። የኮንቴይነሩ ማሸጊያ (ሲል) ከመቆረጡ በፊት የማሸጊያውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር አስተያዩና ፎቶ አንሡ፤ ጭረት ካለም ፊርማ ከማስቀመጣችሁ በፊት ይጻፍ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ 565 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና በሚጭን ሎቤድ ተሳቢ አስመጣሁት። በተላላፊ ሰሌዳ መንዳት ይቻላል፤ ግን በመሐል ያለው ቻርጅ ማድረጊያ የማያስተማምን ነው፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ጠዋት ከሾፌሮች ሳይጠይቁ መነሣት አያዋጣም። የሚነዳ ሰው አባይ በረሃን በሒሳብ ይያዘው፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ነው፤ ለሁለት ቶን መኪና ለሽቅቡ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ የባትሪው 12 በመቶ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ መኪናው ከዚያ ከፊሉን መልሶ ይሞላል፤ ባትሪው 100 በመቶ ሆኖ ከመጣ ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።

ዛሬ ቢሆን የምቀይረው አንዱ ነገር ቤት ያለውን መብራት መኪናው ሳይመጣ ማዘጋጀት ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ። ኢትዮጵያ ያሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ስለሆኑ ጂቢቲ የሚባለው መሰኪያ ይበዛል፤ ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራው ያው መኪና ግን የአውሮፓው መሰኪያ አለው። ስትገዙ ቀዳዳውን ከፍታችሁ እዩ፣ ተንቀሳቃሽ ቻርጀሩንም አብራችሁ አምጡ። ሁለተኛው ግራውንድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሽምብጥ ሰፈርም ሆነ አባይ ማዶ፣ ብዙ ግቢ ውስጥ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተያያዘም። ፍሪጅ ይሠራል፣ ምጣድ ይሠራል፣ ቻርጀሩ ግን ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል። ሰው ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይገዛል። መፍትሔው 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መትቶ ከሶኬቱ ጋር ማያያዝ ነው። የጣና ዳር አፈር እርጥብ ስለሆነ ዘንጉ ጥሩ ይይዛል፤ በበጋ ጥቁሩ መሬት ሲሰነጠቅ ብቻ ዙሪያውን ውኃ አጠጡት። ከቆጣሪው እስከ መኪናው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ ራሱን የቻለ ብሬከር። በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት ይሆናል፤ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኔ 10 አምፔር ላይ ነው የምተወው፤ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ በ16 ሲሆን ቻርጀሩ እያቋረጠ ሌሊቱን ያድራል።