ሞንታርቦ የሌለው ትምህርት ቤት

ዛሬ ከሰዓት መብራት ጠፋና ደስ አለኝ። ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሊጡ ምጣድ እየጠበቀ ነው፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሷል። ግን ከታች ያለው ብየዳ ቤት ዝም አለ። የጎረቤት ቴሌቪዥንም ዝም አለ። ኦቲዝም ያለበት ልጄ ባቢ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ እግሬ ላይ ተጋደመ። ያኔ የሰልፉ ሞንታርቦ ትዝ አለኝ፤ ሐሳቤም በዚያው ሄደ።

የባቢን የድሮ ትምህርት ቤት ማለቴ ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩ ማይኩን ይዘው ያረፈዱትን ይቆጣሉ። ባቢ እዚያ ከመድረሱ በፊት በሰርቪስ ኮንዶሚኒየሙን ሁሉ ዞሯል፣ በየብሎኩ በር ክላክስ ሰምቷል። ትምህርቱ ሳይጀመር ልጁ አልቆለታል። አስተማሪዋ ግን ጆሮውን መያዝ ሲተው “ለመደ እኮ!” ብላ አበሰረችን።

ከዚያ ያወቀው ሁሉ ይጠፋ ጀመር። ፊደል ይጽፍ የነበረው ልጅ እርሳስ አልነካም አለ። የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ ነበር፤ አሁን ቆሞ ይጠብቀኛል። “ውሃ” ማለቱን ትቶ ክንዴን ይጎትትና ጀሪካኑ ጋ ይወስደኛል።

የሦስተኛ ፎቋ እትዬ “ዓይን ነው ልጄ፣ ጸበል ውሰጂው” አሉ። አስተማሪዋ “አሞላቃችሁት” አለች። እኔ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ አንድ ጥናት አገኘሁ። ራሳቸውም ኦቲስቲክ የሆኑት ተመራማሪ ዶራ ሬይሜከር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ለወራት የማይለቅ ድካም፣ የነበረ ችሎታ መጥፋት፣ ድምፅና ብርሃን መቋቋም አለመቻል፦ የኦቲዝም በርንአውት የሚሉት ይህንን ነው። ሦስቱም ቤቴ አሉ። ጥናቱ የጠየቀው ግን አዋቂዎችን ነው። ባቢን ማን ይጠይቀዋል? ቢጠይቁትስ፣ ጠረጴዛ ሥር ነው።

ስለዚህ አሁን ትምህርት ቤት የምመርጠው በጆሮዬ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጥሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። የአንዱ ዘበኛ በክፉ ዓይን ማየት ጀምሯል። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተር አላቸው ይሉኛል። ይኑራቸው።

አንዱን ዳይሬክተር “ለጊዜው በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ቢመጣስ? ከሰልፍ ቢቀርስ?” አልኳቸው። “ይቻላል እናት፣ ክፍያው ግን የሙሉ ቀን ነው” አሉ። ሰልፉ ደግሞ “የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው።” ሌላ ጋ ሻዶ ቲቸር፣ ማለትም ክፍል ውስጥ እሱን ብቻ የምትረዳ መምህርት፣ ቀጥራችሁ ኑ ተባልን፤ ደሞዟን ከኛ። የመንግሥቱን ልዩ ፍላጎት ክፍል አየሁ፤ መምህርቷን ወደድኳት። መስማት የተሳነውም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትም፣ የኔም ዓይነቱ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ ለአንዲት ሴት። ደወላቸው ከመስኮቱ አጠገብ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ሲመታ እኔ ራሴ ዘለልኩ።

መሃል ከተማ ያሉት የኦቲዝም ማዕከላት ጥቂት ናቸው፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው። መንገዱን አታንሱብኝ። ደግሞ እያንዳንዱ ሰው “ዘሚ የኑስ እኮ ራሷ ከፈተች!” ይለኛል። እውነት ነው። ልጃቸውን የሚይዝ ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል መሠረቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ በ2021 አረፉ። የሳቸው ጉልበት ቢኖረኝማ። እኔ የባቢን ምሳ ዕቃ መክፈት የሚያቅተኝ ሴት ነኝ።

ትናንት አባቱ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀሁትን ጥያቄ ሁሉ አነበበው። ሰልፍ አለ? ሲደክመው የሚገባበት ጨለም ያለ ክፍል አለ? ዩኒፎርሙ አንገት ያሳክካል? “ምን ሆንክ፣ ተጫወት እንጂ” የሚለው ሰው ይኖራል? አንብቦ ሲጨርስ ቀና አለ።

“ይሄ ለሱ ነው ላንቺ?”

አፌን ከፈትኩ፣ መልስ ግን አልመጣም። ሰርግ ላይ ሁልጊዜ የምገኘው ወጥ ቤት ነው። ዘመድ ባለሙያ ናት ይለኛል። እኔ የሸሸሁት ሞንታርቦውን ነው። ልጅ ሆኜም ሰልፍ ባለበት ሰዓት ሆዴን ያመኝ ነበር፤ እናቴ ጤና አዳም ታጠጣኝ ነበር። እንግዳ ሲበዛ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን እቆልፋለሁ፣ እስካሁን። ሁሉም ሰው እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ሰው እንዲህ አይደለም እንዴ?

በዚህ ዕድሜዬ ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ልበል? “ሞንታርቦ አልወድም”?

ለማንኛውም ምዝገባው ነሐሴ ላይ ነው። ባቢ እስከዚያ ካልተሻለው ቦታውን እኔ እይዝለታለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ቁልፌንም ራሴ እቆልፋለሁ። የሁለት ሰዓቱን ብቻ ያስከፍሉኝ እንጂ።