16 ቴራዋ ዕቃ

ገላን አካባቢ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉን ይዤ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ስንዴ ጭኖ የሚገባ መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ካሜራ ያነሳዋል፤ የክብደት ወረቀቱም ስካን ተደርጎ ከፎቶው ጋር ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሊሞላ ሲል ባለ 4 ቴራባይት (አንዱ ቴራባይት 1000 ጊጋባይት ነው) ሃርድ ዲስክ ሁለት እንዲገዛ ጠየቅሁ፤ አንዱ ለሥራ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ።

ሥራ አስኪያጃችን አልፈረሙም። ከሳምንት በኋላ ቢሮ አስጠርተው የክብሪት ቀፎ የምታህል ብርማ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ።

«16 ቴራ ናት። ዋጋዋ አንተ ከጠየቅኸው ግማሹን አይሞላም። ዓለም የት ደርሶ አንተ ገና ሃርድ ዲስክ ትላለህ!»

ስልካቸው ላይም መስታወት ላይ መረጃ ሲጻፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈቱልኝ። ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሙሉ ፊልም፣ 75.6 ጊጋባይት፣ በኳርትዝ መስታወት ላይ በሌዘር ጽፎ መልሶ አንብቧል። ግን የሚጽፈውም የሚያነበውም መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ መርካቶ ሄደህ አትገዛውም።

«ጋሼ፣ የቤተ ሙከራ ዜናና የሱቅ ዕቃ አይገናኙም» አልኳቸው። ሃርድ ዲስክ አምራቹ ሲጌት ዲስኩን በሌዘር እያሞቀ የሚጽፍበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ካሬ ኢንች 1 ቴራቢት (የቴራባይት አንድ ስምንተኛ) አድርሶ አሳይቶ ነበር፤ በዚያው ዘዴ የተሠራው ባለ 30 ቴራባይት ዲስክ ለደንበኞች መድረስ የጀመረው ግን በ2024 ነው። ቺፕ አምራቾቹ ኢንቴልና ማይክሮን እ.ኤ.አ. በ2015 «ከፍላሽ እስከ 1000 እጥፍ የሚፈጥን» ብለው ያስተዋወቁት ስሪ ዲ ክሮስፖይንት የተባለው የመረጃ ማከማቻ ቺፕስ? ገበያ ሲወጣ ልዩነቱ የዚያን ያህል አልነበረም፤ ኢንቴልም በ2022 ሥራውን አቆመ። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ዕቃዋን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ሞክራት» አሉኝ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። 20 ጊጋባይት ገለበጥኩባት፣ ፋይሎቹን ከፈትኳቸው፣ ሠሩ። በሰከንድ 30 ሜጋባይት ነበር የምትጽፈው፤ በዚያ ፍጥነት 16 ቴራ ለመሙላት ከስድስት ቀን በላይ ይፈጃል። ስድስት ቀን የሚጠብቅልኝ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ከሚያዝያ ጀምሮ ፎቶውንና ስካኑን ወደ እሷ እያሻገርኩ ከሰርቨሩ አጠፋሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ስንዴ አቅራቢ «18 ኩንታል ጎድሎብኛል» ብሎ መጣ። የግንቦት መጨረሻ ጭነት ነው። ፎልደሩ አለ፣ የፋይሉ ስም አለ፣ ቀኑም መጠኑም ትክክል ነው። ስከፍተው ግን አይከፈትም። ቀጣዩም፣ የሚቀጥለውም እንደዚያው። የሚያዝያው ይከፈታል፤ ከግንቦት አጋማሽ ወዲህ ያለው በሙሉ ባዶ ነው። እጄ ቀዘቀዘ።

ማታ ቅርፊቷን በቢላ ፈለቀቅኩት። ውስጧ አንዲት የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፋለች፤ ከጎኗ ክብደት እንዲሰጣት የገባ ቁራጭ ብረት አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ካርዷ የምትይዘው 64 ጊጋባይት ነው። መቆጣጠሪያ ቺፗ ለኮምፒውተሩ «16 ቴራ ነኝ» እንድትል ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ 64ቱ ሲሞላ የፋይሉን ስም ትመዘግባለች፣ ይዘቱን ትጥለዋለች። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን ስህተት አላለም።

ያዳኑን የሚዛን ቤት ሠራተኛዋ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ናቸው። ካርቦን ቅጂዎቹን በወር በወር አስረው በዱቄት ጆንያ አኑረዋል። ሁለታችን መሬት ላይ ተቀምጠን ስናገላብጥ ከሰዓት በኋላ ላይ ሾፌሩ የፈረመበትን ወረቀት አገኘን። ክብደቱ እኛ የከፈልንበት ነበር። ፎቶዎቹ ግን እንደጠፉ ቀሩ።

ሥራ አስኪያጁ የተከፈተችውን ዕቃ በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የቀድሞውን መጠየቂያዬን አስወጥተው ፈረሙበት።

ሃርድ ዲስኮቹ ሲመጡ አንድም ፋይል ሳላስገባ እያንዳንዳቸውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቼ መልሼ ማንበብ ጀመርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ክፍሌ ገብተው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ስንት ደረሰ?»

«ሰባ ሁለት በመቶ፣ ጋሼ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ።