«ጃኬት ደርብበት» ያሉኝ አለቃዬ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በታጠቀ ሴኩሪቲነት የሠራ አበሻ ይህን ምክር ሳይሰማው አይቀርም። «ከሥራ ስትወጣ ጃኬት ደርብበት፤ ሽጉጥህን ሰው አይይብህ።» መካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ከእኛ በፊት የመጡ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እኔን የመከሩኝ አለቃዬ ነበሩ። ምክሩ ግን ሰው ያሳስራል።

የሌሊት ሽፍት ጨርሼ፣ ለተረካቢው አስረክቤ ወጣሁ። በጋ ነበር። የደንብ ልብሱን ሸሚዝ አውልቄ በቲሸርት ነኝ። ሽጉጤ ወገቤ ላይ እንዳለ ነው። የራሴ ነው፣ በሕግ የገዛሁት። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቆመ። አንድ ወጣትና አንድ ጠና ያለ ፖሊስ ወረዱ።

እጆቼን ከወገቤ አራቅኩ። መዳፌን ከፍቼ አሳየኋቸው።

«መታወቂያ» አለኝ ወጣቱ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ሽጉጥ ታጥቆ ፖሊስ ፊት ለቆመ ሰው ደግሞ ድንገት ኪስ መግባት ራሱ አደጋ ነው። እጄን አላንቀሳቀስኩም።

«ጌታዬ፣ ይዛችሁኛል ወይስ መሄድ እችላለሁ?»

«መታወቂያህን ብቻ ስጠኝ።»

«የጠረጠራችሁኝ በምን ወንጀል ነው?»

«ሽጉጥ የያዘ ሰው አለ ተብሎ ተደውሎልናል።»

«ልክ ነው፣ ይዣለሁ። በዚህ ስቴት በግልጽ መያዝ ግን ወንጀል አይደለም።»

ወጣቱ ፊቱ ቀላ። እኔ ድምፄን አልጨመርኩም። ጠና ያለው ፖሊስ በሬዲዮ ጠየቀ። ሰው ላይ ደግኗል? አስፈራርቷል? የለም ተባለ። «በል ሂድ፣ ደህና ዋል» አለኝ። ይኸው ነው።

የምናገረውን አውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የፍሎሪዳ ጉዳይ፣ ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሎ «እገሌ ሽጉጥ ይዟል» ስላለ ብቻ ፖሊስ አስቁሞ መፈተሽ አይችልም ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኗል። ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የአራተኛው ሰርኪውት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2013 ከሰሜን ካሮላይና በመጣ ጉዳይ ነገሩን አጠራው። ስቴቱ በግልጽ መታጠቅን ከፈቀደ፣ መታጠቁ ብቻውን ሰውን ለማስቆም ምክንያት አይሆንም።

ይህ ግን በእግር ለሚሄድ ነው። በመኪና ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ያው ፍርድ ቤት በ2017፣ ፖሊስ በትራፊክ ጥፋት በሕጋዊ መንገድ ያስቆመው ሰው ታጥቋል ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ፣ ሽጉጡ ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ ለደህንነቱ ሲል ሊፈትሸው ይችላል ብሏል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረህ ዋሽንግተን ዲሲ ከገባህማ ያንኑ ሽጉጥ በግልጽ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ሜሪላንድም ያለ ፈቃድ አያስኬድህም። የእኛ ልጆች በሦስቱም ቦታ ስለሚመላለሱ ይህን ማወቅ አለባቸው።

የሴኩሪቲ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነበር። አስፈቅጄ ባወጣው ኖሮ ነገሩ ቶሎ ያልቅ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያ ወጣት ፖሊስ «ለካ ካርድ ስላለው ነው» ብሎ ይሄዳል። ነገ ካርድ የሌለውን ሰው ሲያገኝስ? የዚያ ሰው መብትም እኮ ያው ነው።

የሆነውን ለመሥሪያ ቤቱ በሪፖርት ጻፍኩ። አለቃዬ ወዲያው ደወሉ። እንዲህ ተባባልን።

«ምን አስቸገረህ? አውጥተህ ብትሰጠው ምን ትሆናለህ?»

«ጋሼ፣ መጠየቅ ይችላል። ማስገደድ ግን አይችልም።»

«መብት መብት አትበለኝ። በሰው አገር ነው ያለኸው።»

«ዜግነት ከወሰድኩ እኮ ቆየሁ፣ ጋሼ።»

«ወረቀቱን ነው የወሰድከው።»

ከፖሊሱ ቃል ይልቅ ይህቺ ናት እስካሁን የምትቆረቁረኝ። ልጆቼ የተወለዱበትን አገር፣ ግብር የምከፍልበትን አገር የሰው አገር አሉብኝ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛው ማሻሻያ እንኳ ያለ ምክንያት ከመያዝና ከመፈተሽ የሚጠብቀው «ሕዝቡን» ነው፤ ዜጋውን ብቻ አይልም። ግሪን ካርድ ይዞ እዚህ የሚኖረውንም ይጠብቀዋል። አለቃዬ ግን ከፓስፖርቴ በላይ ፍርሃታቸውን ያምናሉ።

ከዚያ የፊላንዶ ካስቲልን ነገር አነሱ። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ መኪናው ውስጥ እንዳለ ፖሊስ የገደለው ጥቁር ሰው ነው። የሽጉጥ ፈቃድ ነበረው። «እሱም ሕጋዊ ነበር፤ ሕጉ አዳነው?» አሉኝ። ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኔም ልጆች አሉኝ። ግን ካስቲል አልተከራከረም። ሽጉጥ እንደያዘ ራሱ ነው በትህትና ለፖሊሱ የነገረው። በሚቀጥለው ዓመት ፖሊሱ በነጻ ተለቀቀ። እሺ ማለት የሚያድን ቢሆን ኖሮ ካስቲል ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ይህን ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ለማንኛውም ጃኬት ደርብበት።»

እንግዲህ የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ነው። በግልጽ ለመታጠቅ ፈቃድ አያስፈልግም። ደብቆ ለመያዝ ግን ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ጃኬት ከደረብክበት፣ ያ ሕጋዊ ሽጉጥ በዚያች ደቂቃ የተደበቀ መሣሪያ ይሆናል። የወንጀል መዝገብ ይከፈትብሃል። ለሴኩሪቲ ሠራተኛ ደግሞ ይህ የእንጀራው ጉዳይ ነው። አለቃዬ ይህን ምክር ስንት ዓመት ለስንት አዲስ ልጅ እንደሰጡ ሳስበው እናደዳለሁ።

ብርድ ሲመጣ ካፖርት መልበስ አይቀርምና ደብቆ የመያዣውን ፈቃድ አወጣሁ። የሚሰጠው የምትኖርበት አካባቢ ሰርኪውት ኮርት የሚባለው የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም። ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አለቃዬ ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ይኸው፣ መደበቁ ይሻላል አላልኩህም?» አሉኝ። እኔ ያወጣሁት በካፖርት እንዳልከሰስ ነው። በበጋ ዛሬም በግልጽ ነው የምታጠቀው። እንዲያ በግልጽ ታጥቄ በእግሬ ስሄድ ያለ ምክንያት መታወቂያ ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።

አዳዲስ ልጆች ሲመጡ ምክራቸው አሁንም አልተለወጠም። እኔም ሥልጠናው እረፍት ሲሆን ልጆቹን ለብቻ አገኛቸዋለሁ። ፈቃዱ እጃችሁ እስኪገባ ሽጉጡ ላይ ምንም እንዳትደርቡበት እላቸዋለሁ።